ሳይንፎይኑ እምቢ ሲለኝ

ዴቨን፣ እንግሊዝ ውስጥ በምሠራበት የከብት እርባታ 4 ሄክታር የሳር ሜዳ ወደ ቅይጥ ግጦሽ ቀየርን። ሳር፣ ክሎቨር (የማገጥ ዓይነት መኖ) እና ቅጠላ ቅጠል አንድ ላይ ይዘራል፤ መንግሥት በ2024 ለዚህ በሄክታር 382 ፓውንድ በዓመት ይከፍል ነበር። ዘሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔው። ብዙ ዓይነት ያለበትን፣ ሳይንፎይን የሚባል የባቄላ ዘመድ የሆነ የመኖ ተክል የበዛበትን ቅይጥ አዘዝኩ። ለክፍያው እንደሚበቃ አየሁ እንጂ መሬቱን አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ ዘርተን ሐምሌ ላይ ሳይንፎይኑ ቢጫ ሆኖ ቆመ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳየው ናይትሮጅን የሚይዙት ሮዝ እብጠቶች የሉም። አፈሩን አስመረመርኩ፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ 5.6 ነው። ሳይንፎይን ኖራማና ውኃ የማይቋጥር መሬት ይወዳል፤ የኛ ደግሞ አሲዳማ ዋልካ ነው። ክሎቨሩም ሳስቶ ነበር፤ ስቆፍር ዘሩ 4 ሴንቲሜትር ወርዶ ተቀብሯል።

መኸር ላይ ኖራ በተንን። በዓመቱ ግንቦት ሳይንፎይኑን ትተን እርጥበትና አሲድ በሚችሉት፣ በአልሳይክ ክሎቨርና በበርድስፉት ትሬፎይል ተካነው። ቀይ ክሎቨር፣ እንዲሁም ቺኮሪና ፕላንቴን የሚባሉት ቅጠላ ቅጠሎች በቅይጡ ውስጥ እንዳሉ ቆዩ። ከማዘዜ በፊት የዝርያዎቹን ዝርዝር ከክፍያው መስፈርት ጋር አስተያየሁ፤ የከረጢቱን መለያና ደረሰኙንም አስቀመጥኩ። ዘሩን እንደ ጤፍ ላዩ ላይ በትነን በሮለር ዳመጥነው። አገር ቤት ከብት የሚረግጠውን እዚህ ብረት ረገጠው፤ ያንን የማውቅ ሰው መጀመሪያ እንዴት በጥልቅ እንደቀበርኩት አይገባኝም።

አሁን በደንብ ይዟል። የሚያስቸግረኝ ቺኮሪው ብቻ ነው፤ ከብቶቹን ትንሽ ካዘገየሁ ግንድ አውጥቶ ይጠነክራል፣ አይነኩትም።