እባብ ለመለየት ስትነሱ ጭንቅላቱን ተዉልኝ

አንድ ልጅ እዚህ ሐዋሳ በፌስታል የሞተ እባብ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ምንድነው?» አለኝ። ስከፍተው ጭንቅላቱ በድንጋይ ተጨፍልቋል። ማየት የምፈልገው ግን እሱን ነበር! አናቱ ላይ ያሉት ትልልቅ ቅርፊቶች አሰላለፍ፣ ከላይኛው ከንፈር ቅርፊቶች ስንቱ ዓይኑን እንደሚነኩ፣ ብሌኑ ክብ ነው ወይስ እንደ ድመት ቁልቁል የተሰነጠቀ፣ ጥርሱ። ይህ ከጠፋ ምን ብዬ ልመልስለት? እባካችሁ፣ አትግደሉት። ራቅ ብላችሁ በስልካችሁ አጉልታችሁ አንሱት፤ ከላይም ከጎንም። የሞተ መስሎ ቢታያችሁም በእጅ አትንኩት፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ይነክሳል።

«ቡናማ ነው፣ መስመር አለው» ብቻውን አይበቃም።

የጀርባ ቅርፊት የሚቆጠረው ወገቡ መሃል ላይ ነው። አንገቱ ጋ ከቆጠራችሁ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ።

የጣለውን ቆዳ ለክታችሁ «ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» አትበሉ። ቆዳው ሲወልቅ ይለጠጣል። ቅርፊቱን ግን ቁጠሩበት፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሱዶቦዶን ልምጣ፤ የእባብ ጂነስ ነው፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎች የጋራ ስም። ይህን የኛን ጂነስ የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ያሳዝነኛል። ጣሊያናዊው የእባብ ተመራማሪ ፔራካ በ1897 ነው ስሙን ያወጣለት፤ «ሐሰተኛ ቦዶን» ማለት ነው። ቦዶን ደግሞ የአፍሪካ የቤት እባቦች የድሮ መጠሪያ ነበር። ተማሪዎች ይህን ስም ያዩና ከቤት እባቦቹ ጋር አንድ ያደርጉታል። አይደለም፣ ራሱን የቻለ ጂነስ ነው። 4 ዝርያ አለው፤ የመጨረሻው የተገለጸው በ2004 ነው። የድሮ መጽሐፍ ከያዛችሁ ኮሉብሪዴ በሚባለው የእባብ ቤተሰብ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ያ ቤተሰብ ያኔ ሁሉም የሚታጨቅበት ጆንያ ነበር። ዘረመል ከታየ በኋላ ግን ብዙዎቹ የአፍሪካ እባቦች ወጥተዋል፤ ሱዶቦዶንም ዛሬ ላምፕሮፊዴ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

የሐሩር ክልል እባብ ሲባል ደግሞ የሚኖረው ቆላ ብቻ አይምሰላችሁ። ሱዶቦዶን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ እባብ ነው። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስትፈልጉት አትዋሉ።

እኔም ተሳስቻለሁ። ስጀምር አንድ ናሙና ሙሉውን ፎርማሊን ውስጥ፣ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ኬሚካል ውስጥ፣ ከተትኩት። ቅርጹ እስከዛሬ አለ፣ ዲኤንኤው ግን ተበላሸ። ዛሬም ይቆጨኛል። ፈቃድ ኖሯችሁ ናሙና ከያዛችሁ፣ መጀመሪያ ከጉበቱ ትንሽ ቆርጣችሁ 95 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። የተገኘበትን ቦታና ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።