የቮልስ ማርሽ እምቢ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቸርችልን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ማርሽ የሚከዳበት ቦታ አይደለም። የኔ ቮልስ ግን ዳገቱ መሀል ላይ ሁለተኛ አልገባም አለችኝ። የማርሹ ዘንግ ወደፈለግኩበት ይሄዳል፣ ግን ምንም አይዝም፤ ባዶ ድስት ውስጥ እንዳለ ማማሰያ። ከኋላ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ፋዘር፣ ሙዚየም አስገባት እንጂ!" ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ራሴ የሠራኋቸውን፣ ሌላውም ሲሠራ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የማወራው ሞተሯ ከኋላ ስለሆነው ስለዚያችው ቮልስ ነው። ሌላ መኪና ላይ ነገሩ ይለያል።

ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለማውረድ መጣደፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መጀመሪያ ያሳየሁት መካኒክ መኪናዋን በቅጡ ሳያያት "ካምቢዮው በልቷል፣ ይውረድ" አለኝ። ቮልስ ላይ ደግሞ ካምቢዮ እንዲወርድ ቀድሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። ስንት ቀን፣ ስንት ብር!

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንጨብጠው ዘንግ ፊት ነው፣ ካምቢዮው ኋላ። ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መሀል ባለው ቦይ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ብረት ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ጤነኛ ሆኖም ማርሽ እምቢ ሊል ይችላል፦ ወይ የዘንጉ መቀመጫ ተናግቷል፣ ወይ ረጅሙን ብረት የሚሸከመው የፕላስቲክ ቡሽ (ቀለበት) አልቋል፣ ወይ ደግሞ ብረቱን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ ተበልቷል። መጋጠሚያውን ለማየት የኋላውን ወንበር ማንሳትና መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን መፍታት ብቻ ነው። የኔን ስንከፍት የውስጡ ጎማ ፍርፋሪ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። በቃ፣ በሽታው እሱ ነበር።

ሌላም ነገር ቀድማችሁ ሞክሩ። ሞተሩን አጥፉና አራቱንም የፊት ማርሽ፣ የኋላውንም ማርሽ በየተራ አስገቡ። ጠፍቶ ልስልስ ብሎ ገብቶ፣ ሞተር ሲነሳ ግን የሚያንቋርርና የሚታገል ከሆነ ዘንጉን ተዉት፤ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን) እዩ። ፔዳሉ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በባዶው መውረድ አለበት። ከዚያ ከበለጠ የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቷል ማለት ነው። ማስተካከያው ኋላ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለች ባለጆሮ ዳዶ ናት።

ምልክት ሳያደርጉ መፍታት

ዘንጉ የሚፈታው በሁለት ብሎን ነው፣ 13 ቁልፍ ይበቃዋል። ቀላል ስለሆነ ነው ሰው የሚሳሳተው። የብሎኖቹ ቀዳዳ ረዘም ስለሚል መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ የነበረበትን ካላወቃችሁ መልሳችሁ ስታስሩ አንዱ ማርሽ ይገባል፣ ሌላው ይጠፋል። ሳትፈቱ በፊት ዙሪያውን በሚስማር ጫር ጫር አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ።

ከሥሩ ደግሞ አንዲት ስስ ሳህን አለች። ብዙ ሰው እንደ ተራ ቆርቆሮ ያያታል። ቮልስ ላይ የኋላ ማርሽ የሚገባው ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ ገፍቶ፣ ወደ ኋላ በመሳብ ነው፤ ሁለተኛ ስንፈልግ በስህተት እዚያ እንዳንገባ የምትከለክለው ይህቺው ሳህን ናት። ወደ ላይ የተቆለመመው ጠርዟ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። እኔ ገልብጬ አስሬያት አራት ኪሎ አጥር ሥር አቆምኩ፣ ስወጣ የኋላ ማርሽ የለም። ሁለት ሊስትሮዎች ገፍተው አወጡኝ።

ቡሹን በብልሃት መተካት

ብልሃት አናጣም። አንዱ በከመነዳሪ (በጎማ የውስጥ ላስቲክ) ይጠቀልለዋል፣ ሌላው ቶርኖ ቤት ብረት ያስቀርጻል። ከመነዳሪው ግራሶ ሲነካው ያብጣል፣ ብረቱ ደግሞ ብረት በብረት እየፈጨ መኪናዋን ሙሉ ያንኳኳታል። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብላችሁ ትክክለኛውን ፕላስቲክ ፈልጉ። ስትገጥሙትም የሽቦ ቀለበቷን አትርሱ፣ ረጅሙንም ብረት ደህና አድርጋችሁ ግራሶ ቀቡት። ብረቱ የሚወጣው በመኪናዋ ፊት በኩል ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ አይከብድም።

ያቺን ትንሽ ብሎን መናቅ

መጋጠሚያውን ከካምቢዮው ጋር የምታስረው ራሷ አራት ማዕዘን የሆነች ብሎን ናት። ጫፏ ከካምቢዮው በሚወጣው ብረት ላይ ካለችው ጉድጓድ ልክ መግባት አለበት። ጎን ለጎን ካጠበቃችኋት ለጊዜው የያዘች ትመስላለች፣ ከዚያ ትንሸራተትና ማርሹ በሙሉ ይዛባል። ከጠበቀች በኋላ በሽቦ ትታሰራለች። ሽቦው ጌጥ አይደለም፤ ንዝረቱ ብሎኗን እንዳይፈታት ነው። እኔ "ለዛሬ ይሁን" ብዬ ተውኩት፣ ሳምንት ሳይሞላ ተክለሃይማኖት ጋ ማርሽ አልባ ቀረሁ።

ቦይው ላይ መበየድ

የብረቱ መያዣ ሲሰበር "ትንሽ ነጥብ ብየዳ" የሚላችሁ አይጠፋም። ቁም በሉት። ታንኩ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ የቤንዚን ቧንቧው የሚያልፈው በዚያው ቦይ ውስጥ ነው። መበየድ ግድ ከሆነ ቤንዚኑ ተቀድቶ፣ ቧንቧው ባዶ ሆኖ፣ ባትሪው ተፈቶ፣ እሱም ቮልስ በሚያውቅ ሰው እጅ።

ወንበሩን ቶሎ መመለስ

ባትሪዋ ከኋላው ወንበር ሥር ናት። ክዳኗ ከጠፋ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ራስ ጋር ይገናኝና እሳት ይነሳል። በዚህ የተቃጠለች ቮልስ ብዙ ናት። ክዳን ከሌላት ፈልጉላት።

እኔማ አሁን ወንበሩን የምመልሰው ቸርችልን አንዴ ወጥቼ፣ ያቺን ብሎን እንደገና አይቼ ነው። እስከዚያ ከኋላ የሚቀመጥ የለም፣ ባለቤቴም ብትሆን ታክሲ ትያዝ።