ቅዝቃዜው እስኪያልፍ የጸደይን የድንኳን ጉዞ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ድንኳን ተክሎ ማደር ለሚወድ ሰው የበረዶው ወራት ይረዝማሉ። መንገዱ ተሸፍኗል፣ ጀምበር ቶሎ ትጠልቃለች፣ ዕቃው ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ቀን መቁጠር ናፍቆቱን ያባብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም። ጥሩ የጸደይ ጉዞ የሚሠራው በክረምት ነው ብዬ አምናለሁ። መስክ ላይ ሌሊቱን የሚያበላሹት የሚያፈስ ስፌት፣ የማይዘጋ ዚፕና አየር የማይዝ ፍራሽ ናቸው፤ ሦስቱም በሞቀ ክፍል ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚስተካከሉ ናቸው። ደግሞም የጸደይ መጀመሪያ ሌሊት ከክረምት ብዙም አይርቅም፤ አሁን ስለ ብርድ የሚማሩት ሁሉ ያኔ ያገለግልዎታል።

1. ቀኑን ይቁረጡ፣ ብርሃኑን ይከታተሉ

በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 ወይም 22 ላይ ይውላል። ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ ቦታዎች ጀምበር ቀድማ የምትጠልቅበት ምሽት ግን ከዚያ በፊት ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኑ ገና እያጠረ ሳለ ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት መዘግየት ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ለብቻው ያጽናናል። የቀኑ ርዝመት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ጭማሪው እጅግ የሚፈጥነው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርች 20 አካባቢ ነው። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ያሉ አንባቢዎች ይህን ሁሉ በስድስት ወር ያዛውሩት።

በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ጀምበር የጠለቀችበትን ሰዓት የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉ። በዚያው መቁጠሪያ ላይ የመጀመሪያውን ጉዞ ቀን ያስፍሩ፤ ከእርሱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ደግሞ ተለዋጭ ቀን ይያዙ። ተለዋጩ ቀን የግድ ነው። በረዶ ሲቀልጥ መንገድ ይጨቀያል፣ ወንዝ ይሞላል፤ አንድ ቀን ብቻ የያዘ ሰው ሁኔታው ሳይመች ለመሄድ ይገፋፋል።

2. ድንኳኑን ይመርምሩ

ድንኳኑን ከከረጢቱ አውጥተው ሰፊ ክፍል ውስጥ ይዘርጉትና መጀመሪያ ያሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ባለፈው ጊዜ ሳይደርቅ ተጣጥፏል። የብዙ ድንኳኖች ጨርቅ ፖሊዩሬቴን በሚባል ውኃ በማያሳልፍ ቅብ የተለበጠ ነው። ይህ ቅብ በእርጥበት ውስጥ ሲከርም ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ በመጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ እንደ ቅርፊት ይላጣል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የቀድሞ ጤናውን ማስመለስ አይቻልም። ያልደረሰውን ለማትረፍ ለብ ባለ ውኃ፣ በስፖንጅና በለዘብተኛ ሳሙና በእጅ ያጥቡት፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ግን አይክተቱት። ማዕዘኖቹና ስፌቶቹ ሳይቀሩ እስኪደርቁ ድረስ ጥላ ውስጥ አንጠልጥለው ያቆዩት። ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርቁን ያደክመዋል።

ከዚያ ክፍሉን ያጨልሙና አንድ ሰው ከውጭ በኩል ባትሪ እያበራ በጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ፤ እርስዎ ውስጥ ሆነው ይመልከቱ። በቀን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብርሃን ያሳልፋሉ። ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ማሸጊያ ከተነሣ አንሥተው ይጣሉት፣ ቦታውን በአልኮል ጠርገው ፈሳሽ ማሸጊያ ይቀቡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በሲሊኮን የተለበጠ ጨርቅ የሚይዘው የሲሊኮን ማሸጊያ ብቻ ነው፣ በፖሊዩሬቴን የተለበጠው ደግሞ የራሱ አለው። ተለዋውጠው ከተቀቡ ሲደርቁ ይላቀቃሉ።

የዚፑን ጥርሶች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከአሸዋ ያጽዱ። ዚፑ ተጎትቶ ካለፈ በኋላ ጥርሶቹ ተመልሰው የሚከፈቱ ከሆነ ያረጀው ብዙውን ጊዜ ተንሸራታቹ ነው፤ ሁለቱን ጎኖቹን በጉጠት በቀስታ ጠበቅ ማድረግ ለጊዜው ያድነዋል። ካስማዎቹን ቆጥረው የጎበጡትን ያቅኑ፣ አውታሮቹ ተተልትለው እንደሆነ ይዩ።

3. መኝታውን ያሰናዱ

ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ደረጃ ይሥሩ። ድንኳን ትንሽ ቢያፈስ ሰው ይስቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተንቀጠቀጠ ሰው ግን ሁለተኛ አይሄድም።

ስሊፒንግ ባግ የሚባለው የመኝታ ከረጢት ራሱ ሙቀት አይሰጥም፤ ሥራው በሙሌቱ መካከል አየር ይዞ ሰውነትዎ ያመነጨውን ሙቀት ማቆየት ነው። ለጉዞ በተጨመቀበት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ወራት ከቆየ ሙሌቱ ይሟሽሻል፣ አየር የመያዝ ችሎታውም ይቀንሳል። ዛሬውኑ አውጥተው ያንጠልጥሉት፣ ወይም አየር በሚያስገባ ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ላላ አድርገው ያስቀምጡት።

የቆሸሸ ከሆነ ይታጠብ። የላባ ሙሌት ያለው ለላባ በተዘጋጀ ሳሙና መታጠብ አለበት። ከውኃው ሲያወጡት ከሥር በሁለት እጅ ደግፈው ያንሡት፤ እርጥብ ላባ ስለሚከብድ በአንድ ጫፍ ከተጎተተ የውስጡ ክፍልፋዮች ይቀደዳሉ። በማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ የቴኒስ ኳሶች ጋር ያድርቁት፤ ኳሶቹ የተቋጠረውን ላባ ይበትኑታል። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በጣት ሲዳሰስ አንድም ጓል እስካለ ድረስ አልደረቀም።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን በትክክል ያንብቡ። በአይ ኤስ ኦ 23537 መስፈርት የተለካ ከሆነ ከአንድ በላይ ቁጥር ያገኛሉ። የምቾት መጠን የሚባለው ለብርድ ይበልጥ ስሜት ያላት አማካይ ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ነው። ዝቅተኛው ወሰን የሚባለው ደግሞ አማካይ ወንድ ኩርምት ብሎ ሳይነቃ ሊያድርበት የሚችለው ነው። ከሁለቱም በታች ያለው ሦስተኛው ቁጥር ግን ሕይወትን የማትረፍ ጉዳይ ስለሆነ ለዕቅድ አይሆንም። እኔ የምመክረው ሴትም ሆኑ ወንድ በምቾቱ ቁጥር እንዲያቅዱ ነው።

ከሥር ያለው ፍራሽ ከከረጢቱ ያላነሰ ነገር ነው። በተኙበት በኩል ሙሌቱ በክብደትዎ ስለሚጨመቅ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚከላከልልዎት ፍራሹ ብቻ ነው፤ አፈሩ ደግሞ አየሩ ከሞቀ በኋላም ለሳምንታት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። የፍራሾች ሙቀት የመከላከል አቅም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይሻላል። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ለሚጠጋበት ጸደይ 4 አካባቢ የሆነውን ብመርጥ ደስ ይለኛል። ሁለት ፍራሽ ሲነባበር ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት ያለዎት ላይ ስስ የስፖንጅ ምንጣፍ መጨመር ይቻላል።

የሚነፋ ፍራሽ ከሆነ ሞልተው ይንፉትና ከባድ መጻሕፍት ጭነውበት ያሳድሩት። ክፍሉ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ጠዋት ትንሽ ልል ሊል ይችላል፤ ይህ ቀዳዳ አለ ማለት አይደለም። ጨርሶ ከተኛ ግን የሳሙና ውኃ በላዩ ይቀቡ፣ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፣ በደንብ ሲደርቅ ይለጥፉት።

4. ምድጃ፣ ባትሪና የውኃ ማጣሪያ

በትናንሽ ጣሳዎች የሚሸጠው ጋዝ በብርድ የሚደክምበት ምክንያት አለው። ቡቴን ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ አካባቢ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጋዝነት አይቀየርም፤ አይሶቡቴን እስከ 12 ገደማ፣ ፕሮፔን እስከ 42 ገደማ ከዜሮ በታች ይዘልቃሉ። ስለዚህ ለጸደይ ማለዳ ከቡቴን ብቻ የተሠራውን ትተው ፕሮፔንና አይሶቡቴን የተቀላቀሉበትን ይምረጡ። የምድጃው መጋጠሚያ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ከተሰነጣጠቀች ይቀይሯት፤ ጋዝ እንደማያሾልክ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት፣ በሳሙና ውኃ ያረጋግጡ። ምንም ያህል ቢበርድ ድንኳን ውስጥ ምድጃም ሆነ ከሰል አያንድዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል።

ከግንባር መብራትዎ ውስጥ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥተው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ካፈሰሱ መብራቱን ያበላሹታል። በኤሌክትሪክ የሚሞሉ የሊቲየም ባትሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ግማሽ ያህል ተሞልተው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዙበት ሁኔታ አይሙሏቸው።

በጥቃቅን ቱቦዎች የሚሠራ የውኃ ማጣሪያ ካለዎት አንድ ጊዜ ከረጠበ በኋላ በረዶ እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ውስጡ የቀረው ውኃ ሲረጋ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃቸዋል፤ ጉዳቱ በዓይን አይታይም። በክረምቱ ጋራዥ ውስጥ ቆይቶ በረዶ ነክቶት ከሆነ በአዲስ ይተኩት።

5. እግርዎን ያለማምዱ

ጫማውን ከጭቃ አጽድተው ከማሞቂያ አርቀው ያድርቁ፤ ቆዳ ከሆነ ቅባት ይቀቡት። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቦርሳ ተሸክመው ይራመዱ፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የእኩለ ቀኑን ሰዓት ቢመርጡ ብርሃኑንም ያገኛሉ።

6. አንድ ሌሊት ለሙከራ ይደሩ

ቅዝቃዜው ሲለዝብ፣ ግን ገና ሳይጠፋ፣ ግቢ ወይም በረንዳ ላይ ይደሩ፤ ሁለቱም ከሌሉ መስኮት በተከፈተበት ክፍል ወለል ላይ ይተኙ። ከመምሸቱ በኋላ ጓንት አጥልቀው፣ በግንባር መብራት ብቻ እየተመሩ ድንኳኑን ይትከሉ፤ አስቸጋሪው ነገር ሁሉ ያኔ ይታያል። ጥጥ ሲረጥብ ቶሎ ስለማይደርቅ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ደረቅ ልብስ ለብሰው ይተኙ። ከበረደዎት የትኛው የሰውነትዎ ክፍል እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ከሥር ከሆነ ፍራሹን፣ ከላይ ከሆነ ከረጢቱን ያስተካክሉ። የዚህ ሙከራ ትልቁ ጥቅም እጅግ ከበረደዎት በሩ ቅርብ መሆኑ ነው። አፍረው አይቆዩ፣ ይግቡ።

7. ቦታውን ከቤት ሆነው ያጥኑ

ካርታ ዘርግተው ከፍታውን ይመልከቱ። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የከተማዎ ትንበያ ለተራራው አይሠራም። በጠራ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል። ድንኳንዎን ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ካለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይትከሉ።

መሻገር ያለብዎት ወንዝ ካለ የሚሻገሩበትን ሰዓት አሁን ያቅዱ። ከበረዶ መቅለጥ የሚመጣ ውኃ በፀሐይ ሙቀት ስለሚጨምር ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ በማለዳ ይቀንሳል።

ከመነሣትዎ ሁለት ቀን በፊት ለሚያድሩበት ከፍታ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ያጣሩና ከከረጢትዎ የምቾት ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። ትንበያው ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ተለዋጩ ቀን ይሻገሩ። የማይሄድ አንድ ሰው የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ በጽሑፍ ይኑረው።