ታንከሩ ላይ የቀባኸው ቀለም ለምን ተጨማደደ? የሞተር ሳይክል ጭረት ችግርና መፍትሄ

ጭረት መቀባት ከባድ አይደለም። ከባዱ ቀለሙ ከወር በኋላም እዚያው መገኘቱ ነው። እዚህ አዳማ ግቢዬ ድረስ ከሚመጡልኝ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለቤቱ ራሱ ቀብቷቸው፣ የቀባው ተበላሽቶበት የመጡ ናቸው። ስለዚህ የምጽፈው አንዴ ሞክሮ ለተናደደ ሰው ነው። ማጠቡን፣ ማድረቁን፣ ስፕሬዩን በደንብ መነቅነቁን፣ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር መሸፈኑን ታውቃለህ ብዬ አልፋለሁ።

መጀመሪያ፣ ጭረቱ ቀለም ይፈልጋል ወይ?

ጥፍርህን ጭረቱን አቋርጠህ አሳልፍ። ካልያዘህ የተጫረው ክሊሩ ብቻ ነው፣ ያ ከላይ የሚያበራው ሽፋን። ውሃ ስታስነካው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ቀለም አይፈልግም። 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክረህ በስሱ፣ ከዚያ ኮምፓውንድ (ማለስለሻና ማብሪያ ቅባት)፣ አለቀ። ጠርዝ ጠርዙን ግን አትፈግፍግ። እዚያ ጋ ክሊሩ ስስ ስለሆነ ሳታስበው ቀለሙን ትበላዋለህ። በ10 ደቂቃ የሚጠፋ ጭረት ላይ መዳፍ የሚያህል ስፕሬይ ለጥፈው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ምን ልበላቸው።

ጥፍርህን ከያዘው፣ ወይ ብረት ወይ ፕላስቲክ ከታየ ቀጥል።

ታንከሩ ላይ የተቀባው ለሰለሰ፣ ተጨማደደ

ይሄ ነው እንግዲህ የሰለቸኝ።

ምልክቱ፦ የታንከሩ ክዳን ዙሪያ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ በጎን ስታንድ ሲቆም በሚያዘነብልበት በግራ በኩል፣ ቀለሙ የፈላ ወተት ላይ እንደሚቀመጥ ስልባቦት ይጨማደዳል። በጥፍር ስትጫነው ይሰረጉዳል፣ ጣትህ ላይም ይጣበቃል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይመጣል፣ አንዳንዱ በወሩ። ጉዳቱ ግን ሁሌም ከክዳኑ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ መስመር አለው። መስመሩን ካየህ ጥፋተኛውን አወቅኸው፦ ቤንዚን ነው።

ምክንያቱ፦ ተራ ስፕሬይ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ቲነር ተንኖ ስለሚያልቅ ብቻ ነው። እንዲህ የደረቀ ቀለም ቲነር መሰል ነገር ሲነካው ተመልሶ ይላላል፣ ቤንዚን ደግሞ የቲነር የሥጋ ዘመድ ነው። ፋብሪካ የቀባው ግን ወይ በሙቀት የተጋገረ ወይ ሃርድነር (ተቀላቅሎ ቀለሙን የሚያጠነክር ፈሳሽ) የገባበት ስለሆነ አንዴ ከጠነከረ ወደ ኋላ አይመለስም። ስፕሬዩ ላይ "ለመኪና" ስለተባለ አትመን። "ክሊር ደርቤበታለሁ" ብትለኝም ክሊሩ ራሱ ሃርድነር ከሌለው ያው ነው። ለመለየት ጥጥ በቲነር ነክረህ በማይታይ ቦታ አሽ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ የተቀባው በተራ ስፕሬይ ነው።

አንድ ምግብ የሚያደርስ ልጅ ነበር፣ ቀይ ታንከር ያለው። ሦስት ጊዜ ቀባው፣ ሦስት ጊዜ ተጨማደደበት። "ቀለሙ ፎርጅድ ነው፣ ሱቁን እከሰዋለሁ" እያለ ነው የመጣው። እያወራን ትእዛዝ ገባለትና ከቦርሳው በሃይላንድ የያዘውን ቤንዚን አወጣ። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ስለነበር ከመንገድ ዳር የገዛው ነው። የተቆረጠ የሃይላንድ አፍ እንኳ ሳይሰካ ገለበጠው። የፈሰሰውን በእጅጌው ጠረገ። እጅጌው ቀይ ሆነ። ሁለታችንም እጅጌውን አየን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሱቁ አላነሳም።

ሌላው ደግሞ ጠብታ የማያፈሱ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። የሳቸውም ተጨማደደ። ችግሩ ታንከሩን እስከ አንገቱ ሞልተው ቀትር ፀሐይ ላይ ማቆማቸው ነበር። 10 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ያብጣል። መሄጃ ካጣ በክዳኑ ይወጣል። የክዳኑ ጎሚኒም ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎሚኒ ሳትቀይር ታንከር አትቀባ፣ ዋጋውም ከአንድ ስፕሬይ አይበልጥም።

መፍትሄው፦ ከላይ አትደርብ። የላላ ቀለም ላይ የተደረበ ቀለም አብሮ ነው የሚነሳው። ጨርቅ በቲነር ነክረህ ያንን ስፕሬይ ሙልጭ አድርገህ አንሳው። የፋብሪካው ቀለም ደህና ከሆነ አይነሳም፣ እሱን ተወው።

እዚህ ጋ ልቆጣ። ታንከሩን ፈትተህ ቤንዚኑን ስለቀዳህ "ባዶ ነው" እንዳትል። ባዶ ታንከር ውስጥ የቀረው ትነት ከሙሉ ታንከር ይብሳል፣ የሚፈነዳው እሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ ባዶ ታንከር በረንዳ ላይ አስቀምጦ በቲነር ሲጠርግ እናቱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ለቡና ከሰል ያያይዙ ነበር። ደርሼ ያነሳሁት ከሰሉን አይደለም፣ ታንከሩን ነው፤ ቡናውን ከዚያ በኋላ ጠጣን። ከሰል፣ ሲጋራ፣ ግራይንደር፣ ብየዳ፣ አንዳቸውም አጠገቡ አይድረሱ።

ከዚያ የጭረቱን ጠርዝ በ400 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ600 በውሃ ፈግፍግ፤ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ እስኪጠፋ ድረስ። ብረት ከወጣ በዚያኑ ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ቀባው፣ ነገ አትበል። ቡናማ ነጥብ ከቀረች ከሥር እየበላች ትቀጥላለች። ከመቀባትህ በፊት በሳሙናና በውሃ አጥበህ አድርቅ፣ ከዚያ ቲነር ጠብ ባለበት ንጹህ ጨርቅ አንዴ ጥረግ። በቤንዚን አትጥረግ! ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም። ቤንዚን ቅባት ትቶ ነው የሚሄደው።

ቀለሙ ራሱ ተራ ስፕሬይ ቢሆን ግድ የለም። ከላይ የሚመጣው ክሊር ግን ሃርድነር ያለው ይሁን። ቀለሙን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀህ በስሱ ደራርብ፣ በየመሃሉ 10 ደቂቃ ያህል ቆይ። ክሊሩን ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጀምር፣ የመጀመሪያውንም ዙር እንደ ጤዛ ብቻ አድርገው። አንዴ ካፈሰስክበት ክሊሩ ራሱ ከሥር ያለውን ቀለም ያጨማድደዋል። መጠኑ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር ናቸው። በሲሪንጅ ለካ። በዓይን ግምት አትጨምር፣ "ቶሎ ይድረቅልኝ" ብለህም አታብዛ፤ ይሰባበራል። የተቀላቀለውም ለነገ አይቀመጥም።

ሃርድነር ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያስይዛል። የጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ለትንሽ ቦታ ቤት ውስጥ ከምትነፋው ደጅ ወጥተህ በትንሽ ብሩሽ ቀባውና በኋላ በ2000 ቁጥር አስተካክለው። ሙሉ ታንከር ከሆነ የመኪና ቀለም ለሚቀባ ባለሙያ ስጥ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቤንዚን አታስነካው። በማግስቱ ሊነዳ የሚቸኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ፓራፋንጎው ላይ የተቀባው እንደ ልጣጭ ተነሳ

በአንድ ቁራጭ ከተላጠና ከሥሩ የወጣው ፕላስቲክ ንጹህ ከሆነ፣ ቀለሙ መጀመሪያውኑ አልያዘም። ዕቃውን ገልብጠህ ውስጡን እይ። "ፒፒ" የሚሉ የላቲን ፊደላት ከታተሙበት ያለ ፕላስቲክ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ማጣበቂያ ሽፋን) ምንም አይይዝለትም። "ኤቢኤስ" ከሆነ ሻካራ አድርገህ ብትቀባው ይይዛል። እሱም እንቢ ካለ ላቫጆ ቤት የሚቀቡትን የማብሪያ ሲሊኮን ጠርጥር። ቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ጉድጓዶች ከወጡም ሲሊኮን ነው። አንሳው፣ እጠበው፣ እንደገና ጀምር።

ላዩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ

ይህ የአዳማ በሽታ ነው። ስፕሬዩ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቃል፣ አቧራውም አብሮ ይቀመጣል። ነፋሷ 204 ሜጋ ዋት በሚያመነጭ ከተማ በረንዳ ላይ ቀለም አይነፋም። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ መስኮትና በር ያለው ባዶ ክፍል ግባ (ሃርድነር የገባበትን ክሊር ግን ቤት ውስጥ አትንፋ)፣ ወለሉን ውሃ ርጭ፣ ትንሽ ቆይተህ ጀምር። የስፕሬዩን ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ማሞቅ የሚባለውን ነገር ተወው። የሻከረውን በ1000 ቁጥር በውሃ አስተካክለህ አንድ ዙር ድገም።

ቀለሙ አልገጠመም

ናሙና ከመቀመጫው ሥር ወስደሃላ! እዚያ ፀሐይ አልነካውም፣ ስለዚህ ውጪ ካለው ጋር መቼም አይገጥምም። የጎን ሽፋኑን ፈትተህ ቀለም ቤት ይዘህ ሂድ፣ ካርቶን ላይ አስነፋ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ደጅ አውጥተህ እይ። እርጥብ ቀለም ላይ አትፍረድ። ቀይና ቢጫ ነጭ ፕራይመር ላይና ግራጫ ፕራይመር ላይ ሌላ ሌላ ናቸው። ብልጭልጭ ያለበት ቀለም በብሩሽ ሲቀባ ይጠቁራል፣ ምንም ብታደርግ ጥፍር የምታህል ነጥብ ትታያለች።

የቀሩት

ቀለሙ ከፈሰሰ፦ በእጅህ አትንካው፣ ሲደርቅ በ1000 ቁጥር።

እንደ ጉም ከነጣ፦ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እየጣለ ቀብተሃል። ደረቅ ቀን ጠብቀህ አንድ ስስ ዙር ጨምር።

ማርሚታ ላይ፦ ተራ ስፕሬይ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ይነሳል። ሙቀት የሚችለውን ግዛ።