የቤተሰብ ስሙ ሲጠፋባችሁ፦ የኒው ኔዘርላንድ ደቾችን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ መፈለግ

ዛሬ ኒው ዮርክ የምንላት ከተማ እስከ 1664 ድረስ ኒው አምስተርዳም ትባል ነበር። ቅኝ ግዛቱ ደግሞ ኒው ኔዘርላንድ። የብዙ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ እዚያ ይደርሳል፤ ዋናው ማስረጃም የደች (የሆላንዳውያን) ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው፣ መዝገብ ነው። በትዳር፣ በልጅ ወይም በሥራ ምክንያት እዚህ ፍለጋ ውስጥ የገባችሁ ካላችሁ፣ ሰው የሚቸገርባቸውን ቦታዎች ከነመፍትሄያቸው ጽፌያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የቤተሰብ ስም አትከተሉ። ሰውየውን ተከተሉ፤ በአባቱ ስም፣ በሚስቱ ስም፣ በልጆቹ ክርስትና አባትና እናት በኩል።

ችግር፦ የቤተሰብ ስሙ እስከ 1690ዎቹ ድረስ ይገኛል፣ ከዚያ በፊት ግን የለም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "መዝገቡ ጠፍቷል" ብሎ ያቆማል። ብዙውን ጊዜ ግን መዝገቡ አለ። ያልነበረው ስሙ ነው።

በኒው ኔዘርላንድ አብዛኛው ሰው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። የያን ልጅ ፒተር "ፒተር ያንሰን" ይባላል። የፒተር ልጅ ሄንድሪክ ደግሞ "ሄንድሪክ ፒተርሰን"። ሴት ልጁ ትሬይንትየ "ትሬይንትየ ፒተርስ" ትባላለች። መጨረሻው ላይ ከምትጨመረው "ሰን" ወይም "ስ" በቀር የእኛው አጠራር ነው። እንግሊዞች ግዛቱን ከያዙ በኋላ ቤተሰቦቹ ቀስ በቀስ አንድ ስም መርጠው ረጉበት። አንዱ የአባቱን ስም ያዘ፣ ሌላው የመጣበትን መንደር፣ ሌላው ሙያውን። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። አሜሪካ የገባ ሐበሻ ቤተሰብ ይህ አይገርመውም፤ አባት በአያት ስም፣ ልጅ በአባት ስም ተመዝግቦ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት "ላስት ኔም" አለ።

ታዋቂዎቹን ተመልከቱ። የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ቅድመ አያት በ1631 ሲመጣ ኮርኔሊስ ማሰን ነበር፣ የማስ ልጅ ማለት ነው። ቡረን የመጣበት አካባቢ ነው፤ "ፋን" (በእንግሊዝኛ "ቫን") ደግሞ "ከ" ማለት ነው። "ፋን ቡረን"ን የያዙት ልጆቹ ናቸው። የቫንደርቢልቶች አባት ያን አርትሰን ይባል ነበር፤ ከዩትረክት አጠገብ ካለችው ደ ቢልት የመጣ ሰው ነው። ሁለት ፕሬዚዳንት ያፈራው የሩዝቬልት ቤተሰብም የሚጀምረው ከክላስ ማርተንሰን ነው። "ፋን ሮዘንፌልት" እንደ ቅጽል የተለጠፈ ነበር። በ1658 ክርስትና የተነሳው ልጁ ኒኮላስ ነው ስሙን ወደ ሩዝቬልት ያመጣው።

መፍትሄው ይኸው ነው። የቤተሰብ ስም ያለውን የመጨረሻውን ሰው ያዙ። የእሱን የመጀመሪያ ስም፣ የሚስቱን ሙሉ ስምና የልጆቹን ዝርዝር ጻፉ። ከዚያ የቤተሰቡን ስም ትታችሁ በእነዚህ ፈልጉ።

ችግር፦ በየገጹ አንድ ያን ያንሰን አለ፣ የእኔ የትኛው ነው?

ይህ ነው ከባዱ። መልሱ ግን እዚያው መዝገቡ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሚስቲቱ። በደች መዝገብ ሴት አግብታ ስሟን አትቀይርም፤ ልክ እንደ እኛ። ያን ያንሰን ሃያ ቢሆኑም፣ ያን ያንሰን ከትሬይንትየ ፒተርስ ጋር የሚለው አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ኒው አምስተርዳም ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ የእናት ስም ስላልተጻፈ ይህ አይሠራም።

ቀጥሎ ምስክሮቹ። በየጥምቀቱ መስመር መጨረሻ ላይ የሚጻፉት ሰዎች ክርስትና አባትና እናት ናቸው። ብዙውን ጊዜ አያት፣ አጎት ወይም አክስት ናቸው። ስማቸውን አትዝለሉ። የሁሉንም ልጆች ጥምቀት በአንድ ወረቀት ላይ አሰልፉና የምስክሮቹን ስም ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። የሚደጋገመው ስም የእናት ወይም የአባት ወገን ነው።

የልጆቹ ስምም ይናገራል። ደቾች የመጀመሪያዎቹን ልጆች በአራቱ አያቶች ስም የመሰየም ልማድ ነበራቸው። ሕግ ስላልሆነ በእሱ ብቻ አትደምድሙ። በአንድ ቤት ሁለት ልጅ በአንድ ስም ካገኛችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሞቷል።

የጋብቻ መዝገቡም ፍንጭ ይሰጣል። ከስሙ ቀጥሎ ጄ.ኤም. የሚል ካለ አግብቶ የማያውቅ ወንድ ነው፤ ጄ.ዲ. ከሆነ አግብታ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው "ፋን" የትውልድ ቦታ ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም። ሚስት የሞተችበት ነው ካለ ደግሞ ቀደም ያለ ጋብቻ ፈልጉ። ቀኑ ጋብቻው ለሕዝብ የታወጀበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሠርጉ ከዚያ ሳምንታት ዘግይቶ ይሆናል።

ችግር፦ ሰውየው አንድ ነው፣ ስሙ ግን አምስት ዓይነት ነው

ክላስ ኒኮላስ ነው። ተኒስ አንቶኒ ነው። ትሬይንትየ ካታሪና፣ ኔልትየ ኮርኔልያ፣ ግሪትየ ማርግሪት ናት። እንግሊዝኛ ሲገባ ያን ጆን ሆነ፣ ሄንድሪክ ሄንሪ። ፊደል አጻጻፍም ቋሚ አልነበረም፤ ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው። ስለዚህ ማውጫ ላይ ስትፈልጉ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ፈልጉ። "ፋን" ያለበትን ስም ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈልጉ። የአሜሪካ ማውጫ በ"ፋን" ሥር ያስቀምጠዋል፣ የሆላንድ ማውጫ ከ"ፋን" ቀጥሎ ባለው ቃል ሥር።

ችግር፦ ጥምቀቱ የትም የለም

መጀመሪያ የትኛው መዝገብ ከመቼ እንደሚጀምር እወቁ። የኒው አምስተርዳም ምእመናን በ1628 ቢደራጁም የተረፈው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ከ1639 ነው የሚጀምረው። ከግዛቱ ሌሎች ከተሞች የኪንግስተንና የብሩክሊን ከ1660። የኦልባኒ ከ1683 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አልተረፈም። ስኬነክተዲ በ1690 ተወርራ ተቃጠለች፣ ፓስተሯም ተገደለ፤ መዝገቧ ከ1694 ነው።

ኦልባኒ ላይ ክፍተት ውስጥ ከገባችሁ የፍርድ ቤት መዝገብና የውል ጸሐፊዎችን ሰነድ አንብቡ። የዲያቆናቱ የሒሳብ መዝገብም ከ1652 ጀምሮ አለ፤ ማን ተበደረ፣ ማን ተረዳ ይላል። ሰው መኖሩን ያረጋግጣል።

ሌላው ምክንያት ቀላል ነው፤ ልጁ ክርስትና የተነሳው ሌላ ቦታ ነው። መንደሩ ፓስተር ከሌለው ወላጆች ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፣ ወይም ፓስተሩ ሲመጣ ሁለትና ሦስት ወንድማማች በአንድ ቀን ይጠመቃሉ። ስለዚህ የጎረቤት መንደሮችን መዝገብ ሁሉ አገላብጡ፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ኒው ጀርሲ ድረስ። ሰውየው ሉተራን ቢሆንም የተሐድሶውን መዝገብ አትዝለሉ። በደቾቹ ዘመን ሉተራኖች የራሳቸው አምልኮ ስላልተፈቀደላቸው ልጆቻቸውን እዚያ ያስጠምቁ ነበር።

ችግር፦ አፍሪካዊው ቅድመ አያት ከ1650ዎቹ አጋማሽ በኋላ ይሰወራል

በዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡኝ እፈልጋለሁ። ኒው አምስተርዳም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩባት፤ ብዙዎቹም ቅኝ ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው የደች ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ ንብረት ተደርገው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤተ ክርስቲያኒቱ ታጋባቸዋለች፣ ልጆቻቸውንም ታጠምቃለች። ስማቸው አንጎላ፣ ኮንጎ፣ ሳንቶሜ፣ ፖርቱጊስ ነው፤ የመጡበት ወይም የተሸጡበት ቦታ። በ1641 አንቶኒ ፋን አንጎላ ሉሲ ደ አንጎላን ሲያገባ በጋብቻ መዝገቡ ሰፍሯል።

ከ1655 ገደማ በኋላ ግን ጥምቀታቸው ተቋረጠ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ጠፍቶ አይደለም። ፓስተር ሄንሪከስ ሰሌይንስ በ1664 በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ ልጆቻቸውን እንድናጠምቅ ይጠይቁናል፣ እኛ ግን እምቢ ብለናል፤ የሚፈልጉት ልጆቻቸውን ከባርነት ማውጣት ነው ብሎ። በሩ ሆን ተብሎ ነው የተዘጋው። ስለዚህ ስሙ ስላልተገኘ ሰውየው አልነበረም አትበሉ።

መፍትሄው ወደ አቤቱታዎቹና ወደ መሬት ሰነዶቹ መሄድ ነው። በ1644 ኩባንያው 11 ወንዶችን ከነሚስቶቻቸው በገደብ ነጻ አውጥቷል፤ ልጆቻቸውን ግን አልለቀቀም። ስማቸው ተመዝግቧል። በ1640ዎቹ መሬት የተሰጣቸውም አሉ።

አንድ አቤቱታ ላሳያችሁ። በ1661 ኤማኑኤል ፒተርሰንና ሚስቱ ዶሮቴ አንጎላ፣ ያሳደጉት ልጅ አንቶኒ ነጻ ሰው ተብሎ እንዲታወቅና እንዲወርሳቸው ጠየቁ። ዶሮቴ ነሐሴ ወር ላይ፣ በ1643፣ ልጁ ክርስትና ሲነሳ የቆመችለት ክርስትና እናቱ ነበረች። ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ እናቱ ሉዊዝ ሞተች። ዶሮቴም ሕፃኑን ወስዳ፣ ከማንም እርዳታ ሳትጠይቅ አሳደገችው። ጥያቄያቸው ተፈቀደ። የአንዲት ክርስትና እናት ስም የወላጆቹን ስም፣ የእናቱን ሞት፣ አሳዳጊዎቹንና የልጁን ነጻነት አንድ ላይ ያያይዛል። ስሟም ቢሆን ሁለት ነው፤ አቤቱታው ሬይቶሪ፣ በሌላ ስሟ ዶሮቴ ይላታል።

ችግር፦ ቀኑ አይገጥምም

ልጁ ከወላጆቹ ሠርግ በፊት ከተጠመቀ ወዲያው አትደንግጡ። የሆላንድ ግዛት ከ1583 ጀምሮ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነበር። እንግሊዞች ግን እስከ 1752 በአሮጌው ቆዩ፣ ዓመቱንም ከማርች 25 ነበር የሚጀምሩት። ስለዚህ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ቀን ሁለቱንም ዓመት ጽፋችሁ ያዙ። ሌላ ወጥመድ አለ፦ 7 ቁጥርና "ቤር" ተጽፎ ካያችሁ ሴፕቴምበር ነው፣ ጁላይ አይደለም። 8 ደግሞ ኦክቶበር።

ችግር፦ አሜሪካ ላይ ደርሶ ባሕሩን አልሻገር አለ

ወደ ምእመናን ዝርዝር ሂዱ። ሰው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የምስክር ወረቀት ያቀርባል፣ ከየት እንደመጣም ይጻፋል። ከዚያ የአምስተርዳም ከተማ ቤተ መዛግብትን ማውጫ ፈልጉ። የጋብቻ ምዝገባው ከ1578 ጀምሮ አለ፤ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና የሚኖሩበት ጎዳና ይገኝበታል። ብዙ መንገደኞች ከመሳፈራቸው በፊት እዚያ ነው የተጋቡት። ማውጫው ላይ አትቁሙ፤ የገጹን ፎቶ ክፈቱ። የኒው ዮርኩን መዝገብ ደግሞ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። የታተመው ቅጂ ይቀላል፣ ግን ገልባጩ ያሳሳተው ፊደል ይኖራል፤ ዋናውን ሳታዩ ስም በሐረጉ ላይ አታስገቡ።