አጭሯ ትንሽ ጣቴና ዝም የማትለው የክራር ክር

ክራር በግርፍ ስጫወት አንዲት ክር ሳልጠራት እየገባች ለወራት አስቸገረችኝ። መጀመሪያ ቅኝቱን ጠረጠርኩ። ትዝታን ደጋግሜ ቃኘሁ፤ ክሯንም ለወጥኩ። ምንም ለውጥ አልነበረም።

በግርፍ አጨዋወት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ ከኋላ ያሉት የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ስለዚህ ለሙከራ ሁሉንም አፍኜ ገረፍኩ። ደረቅ ድምፅ ብቻ መሰማት ሲገባው አንዲቷ ጥርት ብላ ጮኸች፦ የትንሿ ጣቴ ድርሻ! የእኔ ትንሽ ጣት ከቀለበት ጣቴ የላይኛው አንጓ እንኳ አትደርስም፤ ክሯን የምትነካው በጥፍሯ ጫፍ ኖሯል።

ጣት በመሳብ እንደማይረዝም ለመረዳት የአንድ ሳምንት የክንድ ሕመም ከፈልኩ። መፍትሔው ክራሩ ላይ ነበር። ክሮቹ ከላይ በታሰሩበት አግዳሚ እንጨት፣ በቀንበሩ ዘንድ፣ ተራርቀው ወደ ታችኛው የድምፅ ሳጥን፣ ወደ ገበቴው፣ ሲወርዱ ይቀራረባሉ፤ እኔ ደግሞ እጄን እቀንበሩ ሥር ሰቅዬው ኖሬአለሁ። ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩት። የእጄን አንጓ ወደ ትንሿ ጣት አዘነበልኩ፤ እርሷ ቀጥ ብላ ስትቆም ረጅሟን የመሃል ጣት አጎበጥኳት። ማንጠልጠያውንም አሳጠርኩ፣ የክራሩ ክብደት ከግራ እጄ ላይ እንዲነሣ።

አሁን ሁሉንም ሳፍን አንዲትም ክር አትጮህም። በፈጣን ዘፈን ላይ ግን ትንሿ ጣት አሁንም አንዳንዴ ትዘገያለች፤ በቀን አሥር ደቂቃ እርሷን ብቻ እያነሣሁ እመልሳታለሁ።