ለልጃችን ስም ያገኘንበት መንገድ

ባለቤቴ የሚሠራው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። እኔና አራስ ልጃችን ለጊዜው ጎንደር ነን። ሞንትሪያል ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ስላለ በሁለቱም አፍ የማይበላሽ ስም ፈለግን።

መጀመሪያ ጠ፣ ጸ፣ ቀ እና ጨ ያለባቸውን ስሞች ተውን። ሁለቱም ቋንቋዎች እነዚህ ድምፆች የሏቸውም። ጽዮንን መተው አንጀቴን በላው! ሐናን ፈረንሳዮች «አና» ይሏታል፤ «ሀ»ን አይጠሯትም። ሜሮን ደግሞ በፈረንሳይኛ መጨረሻው በአፍንጫ ይወጣና «ን» ትጠፋለች።

የረዳን ስሙን በላቲን ፊደል ጽፎ ማየት ነው። ሉላን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብታስቀምጡት፣ ፈረንሳይኛ አንባቢ «ሉ»ን በ«ሉ» እና በ«ሊ» መካከል ባለ ድምፅ ያነበዋል። ስለዚህ ባለቤቴ እጩዎቹን ለሥራ ባልደረቦቹ ጽፎ ሰጠ፤ ያነበቡትን ቀድቶ ላከልኝ።

ልድያ አለፈች። ሁለቱም ወገኖች «ሊዲያ» አሏት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ያለችው ቀይ ሐር ሻጭ ናት፤ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም።

እናቴ ግን እዚህ ጎንደር የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሠራችው እቴጌ ስም ምንትዋብ እንድትባል ነበር የምትፈልገው። ልክ ናት፣ የአገራችን ስም ነው። የቤት ስሟ አደረግነው። የክርስትና ስሟን በ80ኛው ቀን ቄሱ ያወጡላታል።

አንድ ነገር አደራ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ የላቲን አጻጻፉን ራሳችሁ ጽፋችሁ ስጡ። ፓስፖርቱም በዚያው ፊደል ይውጣ።